«ደህና ነኝ» ያልኩባቸው ቀናት

ይህን የምጽፈው የመኪና አደጋ ክሴ ስላለቀ ነው። ክሱ እያለ ስለ አደጋው አንዲት ቃል ኢንተርኔት ላይ እንዳልለጥፍ ጠበቃዬ አጥብቃ ነግራኝ ነበር። «የተከሳሽ ጠበቆች የለጠፍሽውን ፈልገው ያነባሉ፣ ባነበቡትም ይጠይቁሻል» አለችኝ።

ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለ አንድ ፒካፕ ከኋላ ገጨኝ። አንገቴና ወገቤ ተጎዳ። ከወራት በኋላ ጠበቃዬ ደውላ «የዲፖዚሽን ቀጠሮ ተይዞልሻል» ስትለኝ ሆዴ ተላወሰ። ዲፖዚሽን ማለት ከፍርድ ቤት ውጭ በመሐላ ቃል መስጠት ነው። ዳኛ ፊት የምቀርብ መስሎኝ ነበር። ለካ ዳኛ የለም። የስብሰባ ክፍል ነው፤ የእኔና የተከሳሹ ጠበቆች፣ አስተርጓሚ፣ እንዲሁም እያንዳንዷን ቃል የምትጽፍ ኮርት ሪፖርተር። መሐላው ግን ያው የፍርድ ቤቱ ነው። እዚህ አሜሪካ በፌዴራል ፍርድ ቤት ደንብ አንድ ዲፖዚሽን በአንድ ቀን ከ7 ሰዓት አያልፍም፣ ስቴቶች ደግሞ የየራሳቸው ደንብ አላቸው። የእኔ 4 ሰዓት ያህል ፈጀ።

ከቀኑ በፊት ከጠበቃዬ ጋር ሁለት ጊዜ ተዘጋጀን። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ አደጋው አልነበረም። «ከዚያ በፊት ወገብሽን አሞሽ ያውቃል?» አለችኝ። ዝም አልኩ። መጋዘን ስሠራ ዕቃ አንስቼ አሞኝ ታክሜ ነበር። ብናገር ክሱ የሚበላሽ መስሎኝ ነው። ከፋይሉ የዚያን ጊዜ የሕክምና ወረቀቴን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። «ይሄ እነሱም ጋ አለ» አለች። አደጋው የቆየ ሕመም ቢያባብስም ለተባባሰው ካሳ ይጠየቅበታል። ክሱን የሚጎዳው መደበቁ ነው።

ቀጥሎ ያመጣችው ወረቀት ነው እስካሁን ከሐሳቤ ያልወጣው። ሐኪሜ ሦስት ቦታ «ታካሚዋ ደህና እንደሆነች ትናገራለች» ብሎ ጽፏል። ውሸት አልጻፈም፣ ብያለሁ። ሐኪሙ ገብቶ «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የምለው። በዚያ ሌሊት በአንገቴ ምክንያት ቁጭ ብዬ አንግቼ ቢሆን እንኳ። ለእኔ ሰላምታ ነው። ፋይሉ ላይ ሲገባ ግን የጤና ማረጋገጫ ሆኖ ቁጭ አለ። ጥያቄው እንደሚመጣ አውቄ መልሱን ማሰብ ነበረብኝ። «ምንም መሥራት አልችልም» ማለትም አያዋጣም፣ እውነትም አይደለም። እውነቱ 15 ደቂቃ ያህል ስቆም ግራ እግሬ መደንዘዝ መጀመሩ ነው። ካልሲ ለማጥለቅ አልጋው ጫፍ ተቀምጬ እግሬን በእጄ ማንሳቴ ነው። ይህንኑ ተናገሪ፣ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ አለችኝ።

ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ አጭር መመለስ ነው። «መኪናው ውስጥ ካንቺ ሌላ ሰው ነበር?» ስትለኝ ልጄን የት እንዳደረስኩ፣ ለምን እንደረፈደብኝ፣ ወዴት እየሄድኩ እንደነበር ዘረገፍኩላት። «የጠየቅኩሽ ሰው ነበር ወይስ አልነበረም ነው።» ደግሞ ጠየቀችኝ። «አልነበረም» አልኩ።

«አላውቅም» እና «አላስታውስም» እንደሚለያዩም ያን ቀን ነው በደንብ የገባኝ። የፒካፑን ፍጥነት አላየሁም፣ ስለዚህ አላውቅም። መጀመሪያ ማን እንደደረሰልኝ አውቅ ነበር፣ አሁን ግን አላስታውስም። መገመት የለም። ጠበቃዬ «ኦብጀክሽን» (ጥያቄውን እቃወማለሁ) ስትል ቆም ማለት አለብኝ፤ አትመልሺ ካላለችኝ ግን እመልሳለሁ። የሕመሜን ሁኔታ የምጽፍበት ደብተር ነበረኝ፣ እሱንም አሳየኋት። ይዤው እንዳልመጣ ነገረችኝ፤ እያየሁ ከመለስኩ እነሱም ለማየት ሊጠይቁ ይችላሉ።

ቋንቋው ለብቻው ዝግጅት ይፈልጋል። ልምምድ ላይ አደጋው የደረሰው «ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ» ነው አልኩ። አስተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ወሰደው። የፖሊስ ሪፖርቱ 8፡30 ይላል። ከዚያ ወዲያ በፈረንጆች አቆጣጠር ብቻ ለመናገር ተስማማን። እንግሊዝኛ የምትችሉም ብትሆኑ አስተርጓሚ ጠይቁ እላለሁ፤ ሕመም በሁለተኛ ቋንቋ ሲነገር ይሳሳል።

ቀኑ ደርሶ ማልኩና ተቀመጥኩ። የተከሳሹ ጠበቃ ትሑት ሰው ነበር። «አስተርጓሚው በደንብ ይሰማዎታል?» አለኝ። እኔም እንደ ልማዴ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «እህ» አልኩ። ኮርት ሪፖርተሯ ጣቶቿን አንስታ አየችኝ። ትንፋሽ አይጻፍም። «አዎ» አልኩ ጮክ ብዬ። «ደህና ነኝ» የሚለውም መጣ፣ ሦስቱንም ቦታ አነበበልኝ። «አዎ ብያለሁ፤ ሰላምታ ነው» አልኩና ስለ ካልሲው ነገርኩት። ሌላ ጥያቄ አልጨመረበትም።

ትራንስክሪፕቱ፣ ማለትም ኮርት ሪፖርተሯ የጻፈችው የቃሌ ቅጂ፣ ሲመጣ ለማረም 30 ቀን ነበረኝ። ሁለት ማታ ከጠበቃዬ ጋር ተቀምጬ አነበብኩት። አንድ ቦታ ግራ እግሬ ያልኩት «ቀኝ» ተብሎ ተተርጉሟል። ማረሚያው ቅጽ ላይ የገጹንና የመስመሩን ቁጥር ጻፍን፣ «ግራ» ብለን አስተካከልን፣ ፈረምኩበት።