ወንድሜሳ፣ የት አደረስኸው?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ኤዲተር ሆኜ ስሠራ የገጠመኝን ልንገራችሁ፣ ፕሮፋይል ፎቶ ላይ ፍሬም የምትሠሩ ልጆች ካላችሁ በተለይ እናንተ ብታነቡት ደስ ይለኛል።

አንዲት ልጅ መጣች፣ ሰርግ ደርሶባቸዋል፣ ዘመዱ ግማሹ ሐይቅ ግማሹ አዲስ አበባ ግማሹ ጅዳ ነው፣ እና የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ፕሮፋይሉ ዙሪያውን የነጠላ ጥለት እንዲኖረው ፈለጉ። 43 ፎቶ። እኔም ሀሳቡን ወደድኩት፣ የእናቴን ነጠላ አምጥቼ ጥለቱን ስካነር ላይ ዘርግቼ ፎቶሾፕ ውስጥ ፓተርን አደረግኩት፣ የክሩ እያንዳንዱ ዝላይ ሳይቀር ይታይ ነበር።

40ዎቹ ፎቶዎች በቴሌግራም መጡ፣ ሦስቱ ግን ወረቀት ናቸው። አንዱን አያትየዋ ራሳቸው ከሐይቅ ይዘውት መጡ፣ በሻሽ ተጠቅልሎ ከደረታቸው ነው ያወጡት። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ጫፉ እንደ ዳንቴል የተቆራረጠ የድሮ ፎቶ፣ እሳቸው ወጣት ሆነው ቆመዋል። "እዚህ አይደርም ልጄ" ስላሉኝ ቆመው እየጠበቁ በ200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 200 ነጥብ) ቶሎ ስካን አድርጌ መለስኩላቸው።

ማታ አንድ በአንድ ከምሠራ ብዬ አክሽን (ፎቶሾፕ አንዴ የቀዳውን ሥራ ሌላ ፎቶ ላይ የሚደግምበትን) ቀዳሁ። ስትሮክ (የፎቶው ዙሪያ መስመር)፣ ፊል ታይፕ (መሙያው) ፓተርን፣ 60 ፒክስል፣ ፖዚሽኑ ኢንሳይድ (አውትሳይድ ካልከው ፎቶው ካንቫሱን ሙሉ ስለያዘ ጥለቱ ውጪ ይወድቅና አይታይም)፣ ከዛ ፍላተን (ሁሉን አንድ ምስል ማድረግ)። ባች (አክሽኑን ብዙ ፎቶ ላይ ባንዴ የሚያስኬደው) ላይ ደግሞ ዴስቲኔሽኑን (የት ይቀመጥ የሚለውን) ሴቭ ኤንድ ክሎዝ አልኩት። በቃ 43ቱም በደቂቃ አለቁ፣ አለቃዬም አመሰገነኝ፣ ለልጅቷ ላክሁላት።

በማግስቱ ስልክ ተደወለ። አያትየዋ ናቸው።

"ወንድሜሳ? ወንድሜን የት አደረስኸው?"

መጀመሪያ አልገባኝም። ፎቶውን ከፍቼ ሳይ ግራ ጫፍ ላይ ቀሚሳቸውን የያዘች አንዲት ትንሽ እጅ ብቻ ቀርታለች፣ የእጁ ባለቤት ጥለቱ ስር ነው። ስካን ሳደርግ ልጁን አይቼዋለሁ እኮ፣ ግን ልብ አላልኩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስትሮክ የሚለካው በፒክስል ነው፣ ከፎቶው ጋር አያድግም አያንስም። 4,000 ፒክስል ስፋት ያለው የስልክ ፎቶ ላይ 60 ማለት ቀጭን ክር ነው፣ የሳቸው ስካን ግን 630 ገደማ ስለነበር በየጎኑ ከአስር አንድ እጅ በላው፣ ኢንሳይድ ስለሆነ ደግሞ የሚበላው ከፎቶው ራሱ ነው። ያ ሳያንስ ቴሌግራም ፕሮፋይልን ክብ አድርጎ ስለሚቆርጠው ከካሬው 21 በመቶ ገደማ በማዕዘኖቹ በኩል ይሄዳል። ኦሪጅናሉን ልክፈት ብዬ ፎልደሩ ውስጥ ስገባ የለም፣ ሴቭ ኤንድ ክሎዝ እዛው ላዩ ላይ ነው ሴቭ ያደረገው፣ ፋይሉ ከተዘጋ በኮንትሮል ዜድ ወደ ኋላ መመለስ የለም። የቴሌግራሞቹ እንደገና ዳውንሎድ ይደረጋሉ፣ ሁለቱ ወረቀቶችም ልጅቷ ጋ ናቸው፣ የሳቸው ግን ሐይቅ ሻሽ ውስጥ ነው።

ላኩልኝ ብሎ መጠየቅ ከበደኝ። ቅዳሜ ላፕቶፑንና በዩኤስቢ ብቻ የሚሠራውን ቀጭኑን ስካነር ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እየተቆጡ ይጠብቁኛል ብዬ ነበር፣ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። "ና ተቀመጥ፣ ጀባ ልበልህ" አሉና ስኒውን ሰጡኝ፣ እኔ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት "እሱን ተወው፣ ልጁን እይልኝ" ብለው ሻሹን ፈቱ።

ልጁ የአምስት የስድስት ዓመት ቢሆን ነው፣ ባዶ እግሩን ነው፣ ፎቶ አንሺውን ፈርቶ የእህቱ ቀሚስ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው። ታናሽ ወንድማቸው ነው፣ ጎልማሳ ሆኖ ነው የሞተው፣ ከሱ የቀራቸው ምስል ይሄ ብቻ ነው። "ሲያድግማ ማን ፎቶ አነሳው" አሉኝ።

በ600 ዲፒአይ ስካን አደረግኩት፣ 1,900 ፒክስል ገደማ ሆነ፣ እዛው ቁጭ ብዬ መጀመሪያ ኮፒ አደረግኩ፣ ኮፒውን ካሬ ካንቫስ ላይ አሳንሼ አራቱም ማዕዘን ክቡ ውስጥ እንዲገባ አድርጌ አስቀመጥኩት፣ ኢሊፕቲካል ማርኪውን (ክብ መምረጫውን) ሺፍት ይዤ ስቤ ጥለቱን ለብቻው ሌየር ላይ በክቡ ዙሪያ አዞርኩት፣ ፎቶውን የትም አይነካውም። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ተጠጉና በጣታቸው የልጁን እግር ነኩ።

"ጥለቱን ትንሽ ራቅ አድርግለት፣ እንዳይጨንቀው" አሉኝ። 20 ፒክስል አራቅኩለት።