እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ለመድኃኔዓለም የተሳልኩት ጧፍም ጃንጥላም አልነበረም። «ልጄን አትርፍልኝ እንጂ ያደረግህልኝን ሳልደብቅ እናገራለሁ» ነበር ያልኩት። ስእለት ዕዳ ነውና ዕዳዬን ልክፈል።

የምንኖረው ወሎ፣ ደላንታ ነው። ከተጋባን በኋላ ልጅ ሳናይ ዓመታት አለፉ፤ ግሸን ማርያም ተሳልን፣ ሐኪም ቤትም ተመላለስን፣ በመጨረሻ ፅንሱን ሰጠን። ሰባተኛ ወሯ ላይ፣ መጋቢት ሊያልቅ ሲል፣ የበልጉ ገብስ ማሳውን አረንጓዴ ባለበሰበት ሰሞን የባለቤቴ ፊትና እጅ አበጠ። ራስ ምታቱ በማስታገሻ አልመለስ አለ፣ ዓይኗም ብዥ ይልባት ጀመር። ለክትትል ስትሄድ አዋላጇ የደም ግፊቷን ብትለካው 160 በ110 ሆነ፤ ሽንቷም ላይ ፕሮቲን ተገኘ። ነፍሰ ጡር ላይ 140 በ90 ሲደርስ ራሱ ያሰጋል። 160 በ110 ግን አንጎልን፣ ጉበትንና ኩላሊትን የሚጎዳ፣ እናቲቱን በድንገት የሚያንቀጠቅጥ ነው፤ የመጨረሻ መፍትሔውም ሕፃኑን ማዋለድ ነው። አዋላጇ ማንቀጥቀጡን የሚከላከለውን ማግኒዥየም ሰልፌት ወጋቻት፣ አምቡላንስ ጠራች፣ ራሷም ተሳፍራ ደሴ ድረስ አብራን መጣች። እህቴ፣ ስምሽን ባልጽፈውም እርሱ ያውቀዋል። የልጅ ልጅ ያሳይሽ፣ እጅሽ አይዛል።

ልጃችን መጋቢት 27፣ በመድኃኔዓለም ዕለት፣ ማታ በኦፕራሲዮን ተወለደች። 1,400 ግራም። እናቷ በመድኃኒቱ ደንዝዛ ሌላ ክፍል ተኝታለች፤ ልጇን አላየቻትም። ሕፃኗን ማሞቂያው ላይ አስተኟት፤ ብዙም ሳይቆይ መብራት ሄደ።

የደሴን ሌሊት የኖረበት ያውቀዋል፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ በፀደይም አጥንት ይሰብራል። ሲስተሯ የስልኳን መብራት አብርታ መጣችና «ወንድሜ፣ ሸሚዝህን አውልቅ» አለችኝ። ሌላ ነገር አላስረዳችኝም። አወለቅኩ።

ለሕፃኗ ኮፍያና ካልሲ አደረገችላት፣ ዳይፐር አሰረችላት፤ የቀረው ገላዋ ባዶ ነው። ደረቴ መሐል ቀጥ አድርጋ አስቀመጠቻት። ጭንቅላቷን ወደ ጎን አዙራ አገጯን ትንሽ ቀና አደረገችው፤ አገጭ ወደ ደረት ከተደፋ የአየር መተላለፊያው ይታጠፋል፣ ወደ ኋላ ከተለጠጠም እንዲሁ ነው። እጆቿ ታጥፈው፣ እግሮቿ እንደ እንቁራሪት ተከፍተው ደረቴ ላይ ተለጠፈች። ከዚያ ከጆሮዋ ሥር ጀምራ በነጠላ ጠቀለለችን። ነጠላው የሚጠብቀው ደረቷ ላይ ነው፤ ሆዷ ላይ ላላ ማለት አለበት፣ ሕፃን የሚተነፍሰው በሆዱ ነውና። ከላይ ጋቢዬን ደረብኩ።

ይህን አስተቃቀፍ የካንጋሮ እንክብካቤ ይሉታል። በ1978 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኮሎምቢያ ውስጥ ቦጎታ ላይ የተጀመረው ማሞቂያ ሳጥን ሲያጥር ነው። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ማሞቂያ ባለበትም ቦታ ጭምር ከተወለዱ ጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲታቀፉ ይመክራል። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ከቆዳው ሥር በቂ ስብ የለውም። ሲቀዘቅዝ ያለችውን ስኳርና ኦክስጅን ለሙቀት ያቃጥላታል፤ ስኳሩ ሲያንስ መጥባት ያቅተዋል፤ ካልጠባ ደግሞ ይብሱን ይቀዘቅዛል። ያን ሰንሰለት የሚበጥሰው የሰው ገላ ነው። እናት ካልቻለች አባት፣ አባት ከሌለ አያት።

ሲስተሯ ከእናቷ ጡት እንገር በእጇ አልባ አመጣች። የመጀመሪያዋ ጠብታ ብቻ ነበረች። ለ1,400 ግራም ሕፃን በመጀመሪያው ቀን የሚታዘዘው በየ2 ሰዓቱ 7 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በአፍንጫዋ በገባው ቀጭን ቱቦ ያቺን ጠብታ ስትሰጣት አየሁ። እኔ ሙሉ እንጀራ ቆርሼ በልቼ «ተመስገን» ሳልል የተነሳሁባቸው ቀኖች ሁሉ ፊቴ ቆሙ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ደረቴን ቀስ እያለ ሲገፋኝ የነበረው ነገር ቆመ።

ሲስተሯ አስቀድማ ነግራኛለች፦ «ለ5 ለ10 ሰከንድ ትንፋሽ ያቆማሉ፣ ራሳቸው ይቀጥላሉ፣ አትደንግጥ። 20 ሰከንድ ካለፈ ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ ግን ጀርባዋን እሽት፣ የእግሯን ውስጥ በጣትህ ነካ ነካ አድርግ፣ እኔንም ጥራኝ።» ቆጠርኩ። አሥር። አሥራ አምስት። በጋቢው ውስጥ ፊቷን አላየውም። ሃያ። ጀርባዋን አሸሁ፤ ጀርባዋ ከሦስት ጣቴ አይሰፋም። «ሲስተር!» ብዬ ጮህኩ። ምንም የለም።

እዚያች ላይ ያልኩትን አልደብቅም። «ልትወስዳት ነው የሰጠኸኝ? ይህን ሁሉ ዓመት ያስለመንከኝ ለዚህ ነው?» አልኩት። ዳዊትም «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሏል። የእኔ ግን ቁጣ ነበር፤ ለሰው የማልለውን ነው ለአምላኬ ያልኩት። እርሱ ግን እንደ ቃሌ አልመለሰልኝም። ሲስተሯ ሮጣ ገብታ የእግሯን መዳፍ ስታሽ ሕፃኗ እንደ መንጠቅ አድርጋ አየር ሳበች። ደረቴ ላይ ነው የሳበችው። «እስትንፋስ ያለው ሁሉ እግዚአብሔርን ያመስግን» የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ሲባል ሰምቼዋለሁ፤ ያን ሌሊት ግን ገላዬ ነው የሰማው።

አጠገባችን የልጅ ልጃቸውን የሚያስታምሙ ከወሎ ቦረና የመጡ እናት ነበሩ። ተነስተው ጋቢዬን ከትከሻዬ ላይ ሲያስተካክሉ «አብሽር ልጄ፣ አብሽር። የሰጠ ጌታ አይረሳም» አሉኝ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ያዙ፤ እኔ «አሜን» እያልኩ፣ በልቤ ደግሞ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» እያልኩ። ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አይፈልግም። እማማ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ የልጅ ልጅዎን ለወግ ያብቃልዎ።

እስኪነጋ ደግማ ደጋግማ አቆመች፣ ደግማ ደጋግማም ቀጠለች። ለትንፋሹ መድኃኒት ጀመሩላት። ዓይኔን አልከደንኩም፤ ከከደንኩ ቆጠራው የሚጠፋብኝ ይመስለኝ ነበር። ጎሕ ሲቀድ ሲስተሯ ቴርሞሜትር ብብቷ ሥር አድርጋ 36.8 አነበበች። ከ36.5 እስከ 37.5 ያለው ደህና ነው። መብራት በሌለበት ሌሊት፣ በእኔ ገላ፣ 36.8። ልቅሶ ማታ ይመጣል፥ ጥዋት ግን ደስታ ይሆናል።

እናቷ በሦስተኛው ቀን ታቀፈቻት። ሳምንታት አለፉ፤ ፋሲካንም እዚያው ዋልን። ከቱቦ ወደ ትንሽ ኩባያ፣ ከኩባያ ወደ ጡት ተሸጋገረች፤ ለእያንዳንዱ ኪሎዋ በቀን 15 ግራም ያህል ስትጨምር «ይዛለች» አሉን፤ ወደ ቤት ላኩን።

ምስጋናው የበዛው ቤት ከገባን ወዲህ ነው። ቅዳሴ ላይ ካህኑ «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ብለው የሚጀምሩት የምስጋና ጸሎት አለ፤ ሸፍኖናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና እያለ ሄዶ «እስከዚህች ሰዓትም አድርሶናልና» ይላል። የምስጋናው ልክ ሰዓት መሆኑን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። አሁን ቤታችን በዚያ ነው የሚተዳደረው። በየ2 እና በየ3 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሕፃኗ ባትነቃም ቀስቅሰን እናጠባታለን። ትንሽ ሕፃን ርቦት ላያለቅስ ይችላል፤ ዝም ስላለ ጠግቧል ማለት አይደለም። ጡቱን ጠብታ ከአፏ ስትለቅ «እስከዚህች ሰዓት» እንላለን፤ ለሚቀጥለው ደግሞ ያኔ እንለምናለን።

ባለቤቴ ስታቅፋት እኔ ውኃ እቀዳለሁ፣ እኔ ሳቅፋት እሷ ትተኛለች። ገብሱ ሲታረም ደርሰው የአረሙልን ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ አላህ ይስጣችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ቡና በረንዳ ላይ ነው የሚፈላው፤ የምድጃውና የእጣኑ ጭስ ለእንዲህ ያለ ሳንባ ጠላት ነው። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ ጉንፋን የያዘው ከደጅ መርቆ ይመለሳል፣ ማንም አልተቀየመንም። ገላዋን የምናጥባት ሞቅ ባለው ቀትር ነው፤ ቶሎ ታጥባ፣ ቶሎ ደርቃ፣ ወደ ደረት።

እናቴ እንደ አገሩ ልማድ ቅቤ ልታስልሳት አዘጋጅታ ነበር። «እማዬ፣ አንጀቷ ገና አልጠናም፣ ወደ ሳንባዋም ሊገባ ይችላል፤ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ነው የተባለው» አልኳት። ቅቤውን አየችው፣ ሕፃኗን አየቻት፣ «እንግዲያስ ለእናቷ ገንፎ ይሁን» ብላ መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ አፈሰሰችበት። ጾሙ ተፈቷል፣ ገንፎው የራሳችን ገብስ ነው፣ የበላችው ወደ ጡት ይሄዳል። ባለቤቴ ጠግባ ስትስቅ ሳያት «ነፍሴ ሆይ፥ እግዚአብሔርን ባርኪ፥ ምስጋናውንም ሁሉ አትርሺ» አልኩ።

ሰኔ 16፣ በኪዳነ ምሕረት፣ 80 ቀን ሞልቷት ክርስትና ተነሳች። ክትባቷም እንደ ማንኛውም ሕፃን ከተወለደችበት ቀን ተቆጥሮ ነው፤ ትንሽ ናት ተብሎ አይዘገይም።

አሁን በዚያ ክፍል ያላችሁ ወላጆች፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ሕፃኑ መጥባት ከተወ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ካተኮሰ፣ ሲነኩት ካልተንቀሳቀሰ ጸሎቱን በመንገድ እየጸለያችሁ ሐኪም ቤት ሩጡ። እናቲቱንም አትርሱ፤ ግፊቱ ከወሊድ በኋላ እስከ 6 ሳምንት ሊነሳ ይችላል፣ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ካለ ተመለሱ። አባቶች፣ ሸሚዛችሁን አውልቁ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የተቆጣችሁም እንደሆነ ለእርሱው ንገሩት፣ እኔን ታግሶኛል።

ስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፣ አሜን።