ሸዋ ሮቢት የወረደችው ሄሊኮፕተር

የምሠራው ደብረ ብርሃን፣ አንድ የቴክኒክ ማሰልጠኛ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በሪሞት የምትበር ሄሊኮፕተር በካርቶን ተበታትና መጣችልን። አሻንጉሊት እንዳትመስላችሁ። አንዱ የላይኛው ክንፏ ብቻ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ሞተሯም የእውነት ሞተር ነው፣ 8 ሲሲ ገደማ፣ ቱ ስትሮክ። ቤንዚን አትጠጣም፤ ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት የተደባለቀበት ነዳጅ ነው የምትጠጣው። ካንዴላዋም እንደ መኪና ካንዴላ እሳት አይረጭም። ስትነሳ ብቻ በባትሪ ያግሉታል፣ ከዚያ በራሱ ግለት ይቀጥላል።

እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከሥራ ሰዓት ውጭ እየቆየን ሦስት ሳምንት ገጠምናት። ብረት ከብረት በሚገናኝበት ብሎን ሁሉ ላይ አንድ ጠብታ ሎክታይት፣ ብሎን እንዳይፈታ የሚይዝ ሙጫ፤ የረሳኸው ብሎን የሚፈታው አየር ላይ ነውና። ሁለቱን ክንፎች ሚዛን ላይ አጋድመን፣ ቀለል ያለው ጫፍ ላይ ቁራጭ ፕላስተር እየለጠፍን፣ አንሷል በዝቷል እየተባባልን አንድ ሙሉ ማታ ጨርሰናል። ጋይሮው፣ አፍንጫዋ በራሱ እንዳይዞር የሚጠብቀው መሣሪያ፣ በትክክል መሥራቱን ለማየት አፍንጫዋን በእጃችን ወደ ግራ እናዞርና የጅራቷ ክንፍ ወደ ቀኝ ሊመልሳት መሞከሩን እናያለን። ይሄ ከተገለበጠ ገና ከመሬት ስትነሳ እንደ እንዝርት ትሾራለች። እኛ ሁሉንም አይተናል። እንዲያውም እያንዳንዱ ላይ የራይት ምልክት ያደረግንበት ወረቀት ነበረን፣ በጣም የምንኮራበት።

ያስቸገረን ሞተሩ ነው። ማኑዋሉ የካርቡራተሩን መርፌ፣ የሚገባውን ነዳጅ የሚወስነውን፣ ከተዘጋበት አንድ ዙር ተኩል ክፈቱ ይላል። ከፈትን። ሳል ብቻ! ማርሚታው ዘይት ይተፋል፣ ጭሱ ወርክሾፑን ሞላው፣ ኃይል የሚባል ነገር ግን የለም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፤ ማኑዋሉን የጻፈው ሰው ግን እንዲህ ያለ ከፍታ አላሰበም። ለስሱ አየር ነዳጁ በዝቷልና መርፌውን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያደረግን ዘጋ ዘጋ አደረግነው። አንድ ቀን ጠዋት፣ ብርዱ ጣት በሚቆርጥበት ሰዓት፣ ድምጿ ጠርቶ ከመሬት ተነሳች። ጮኽን። ጥበቃው ሁሉ ሮጦ መጣ።

ከዚያ ሸዋ ሮቢት ያለ አንድ ተቋም ለተማሪዎቻችን አሳዩልን ብሎ ጠራን። በፒካፕ ጭነናት ወረድን። ጣርማበርን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ሾፌራችን፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ በወጣትነቱ ሞተር ሳይክል ይጠግን የነበረ ሰው፣ «እናንተ ልጆች፣ ይቺ ነገር ካርቡራተር አላት አይደል? ታች ስትደርሱ ነዳጅ ጨምሩላት። እዚህ ላይ የተስተካከለ እዛ ይግላል» አለን።

«እሺ ጋሼ» አልኩት። እሺታዬ ለትልቅ ሰው ክብር እንጂ ለነገሩ አልነበረም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሆዴ «ሾፌር ስለ ሄሊኮፕተር ምን ያውቃል» ብያለሁ። ደብረ ሲና ቆሎ ገዝተን እየበላን ቀጠልን።

ሸዋ ሮቢት ከ1,300 ሜትር ብዙም አትርቅም፣ ሙቀቷን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ተማሪው ተሰብስቧል። አንድ ሕፃን ልጅ የእናቱን ነጠላ ይዞ ከፊት ቆሟል፣ ሃያ ሜትር ወደ ኋላ እንዲሄዱ ለመንኳቸው፤ ያን ቀን በትክክል የሠራሁት ነገር እሱ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ንክኪ ተነሳች። ድምጿ ከደብረ ብርሃኑ ይበልጥ የጠራና የቀጠነ ነበር፣ እኛም ወደድነው! ጭሷ ግን የለም። ከኋላዋ ይከተል የነበረው ነጭ ጭስ ጠፍቷል። ባልደረባዬ «ዛሬስ አማረባት» አለኝ። ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ብላ እንደቆመች ድምጿ ወደ ፉጨት ተቀየረና ድርግም።

ሞተር ሲጠፋ ክንፎቹ ባላቸው ዙር ቀስ አድርጎ ማሳረፍ ይቻላል፤ ግን ከፍታም ልምድም ይጠይቃል፣ ሁለቱም አልነበሩኝም። ዱብ አለች። የላይኛው ክንፍ ወደ ታች ጎብጦ የራሷን ጅራት ቆረጠው።

ሞተሩን በጣቴ ብነካው አቃጠለኝ። ማታ ፈታነው፤ የፒስተኑ ጎን ከላይ እስከ ታች ተጭሯል። ነገሩ ቀላል ነው፤ ታች አየሩ ወፍራም ነው፣ መርፌው ግን ለስሱ አየር ተዘግቷል፣ ስለዚህ ነዳጁ አነሳት። ቱ ስትሮክ ደግሞ ዘይቱን የሚያገኘው ከነዳጁ ጋር ነው፤ ነዳጅ ሲያንስ ዘይቱም አብሮ ያንሳል። ወረቀታችን ላይ ካሉት የራይት ምልክቶች አንዱም ስለ መርፌው አልነበረም፣ ምክንያቱም እሱን «ጨርሰናል» ብለን ነበር።

በመመለሻችን ማንም አላወራም። ጅራቷ የተቆረጠው ሄሊኮፕተር ከኋላ በሸራ ተሸፍናለች። ሾፌሩም «ነግሬያችሁ ነበር» አላለም፣ እኔ ግን እስኪለው ድረስ እየጠበቅኩ ተሳቀቅኩ። ደብረ ሲና ላይ ቆመ፣ ወረደ፣ ቆሎ ገዝቶ መጣና ከረጢቱን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ጋሼ፣ ስንት ዙር ነበር መክፈት የነበረብን?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ» አለና ማርሹን አስገባ። «ጭሱን ነበር ማየት።»