የመኪና ኤሲ ኮምፕረሰር ሲሞቅ አልይዝ ካለ፣ ጋዝ ከማስሞላታችሁ በፊት የክላቹን ክፍተት ለኩ

ይህን የምጽፈው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። መኪናዋ የዴንሶ ኮምፕረሰር ያላት አሮጌ ኮሮላ ናት። አዲስ አበባ ላይ ኤሲው እንከን አይወጣለትም። ሞጆን አልፈን ወደ አዋሽ ስንወርድ ግን ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር የኮምፕረሰሩ ክላች (ኮምፕረሰሩን በቺንጋ ከሚዞረው ፑሌጃ ጋር በማግኔት የሚያያይዘው ክፍል) ይለቃል፣ የሚነፍሰውም ለብ ያለ አየር ይሆናል። ሞተሩ ጠፍቶ ከበረደ በኋላ እንደገና ይሠራል። ይህ ምልክት ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ ጋዝ ያነሰበት ኤሲ ጠዋትም ቢሆን በደንብ አያቀዘቅዝም።

በየጋራዡ የሚሰጠው መልስ ግን አንድ ነው፦ «ጋዝ አንሷል»። ሞተሩ እንደጠፋ የግፊት መለኪያ ጌጅ ያስሩና ያነባሉ። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሲስተሙ ውስጥ ፈሳሽ ጋዝ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ እንጂ መጠኑ አይደለም። አር 134ኤ የሚባለው የኤሲ ጋዝ በ20 ዲግሪ ሙሉም ይሁን ግማሽ ወደ 70 ፒኤስአይ ገደማ ያሳያል። ያ ቁጥር «ጋዝ አለ» ከማለት ያለፈ ነገር አይነግርም። በላዩ ላይ ሲጨመርበት ደግሞ ከልክ ያልፋል፣ የከፍተኛው መስመር ግፊት ይወጣል፣ ድሮም የደከመው ክላች ይብስ ይከብደዋል። ኮፈኑ ስር ባለው ተለጣፊ ላይ የተጻፈውን ግራም በሚዛን መዝኖ ለማይሞላ ጋራዥ ኤሲያችሁን አትስጡ።

ፊውዙ ደህና ነበር። ሪሌውን፣ ማለትም ለክላቹ መብራት የሚለቀውን ማብሪያ፣ ከተመሳሳይ ሪሌ ጋር ቀያየርኩ፤ ለውጥ የለም። ቺንጋውም አልላላም።

ዋናው ጥያቄ ክላቹ በለቀቀበት ሰዓት ኮይሉ (የክላቹ ማግኔት የሆነው የመዳብ ሽቦ ጥቅል) ጋ መብራት ይደርሳል ወይ የሚለው ነው። ሶኬቱን ነቅላችሁ አትለኩ፤ ሽቦው ወይም የሪሌው መገናኛ ቢበላሽም ሸክም ከሌለበት ቴስተሩ ሙሉ ቮልት ያሳያል። ሶኬቱ እንደተሰካ ከጀርባው ለኩ። እኔ ጋ 13.6 ቮልት ነበር፣ ማሳውም (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር) ጤነኛ ነው። ቮልት ባይኖር ኖሮ መንገዱ የጋዙ ግፊት ከልክ ሲወርድ ወይም ሲወጣ ክላቹን ወደሚያጠፋው ፕሬዠር ስዊችና አየሩን ወደሚያቀዘቅዘው ክፍል፣ ወደ ኢቫፖሬተሩ፣ ሙቀት ሴንሰር ይወስድ ነበር። ስዊቹን በሽቦ አገናኝቶ ማስነሳትን ግን አልመክርም። ዘይቱን የሚያዘዋውረው ጋዙ ስለሆነ፣ ጋዝ የሌለው ኮምፕረሰር ዘይት አጥቶ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል።

መብራት እየደረሰ ካልያዘ ጥፋቱ ክላቹ ላይ ነው። ኮይሉ በርዶ 3.6 ኦም ነበር፣ ሲግል ወደ 4.6 ወጣ። መዳብ ሲሞቅ እንዲህ ነው፤ የሚያልፈው አምፔር ይቀንሳል፣ የማግኔቱም ጉልበት አብሮ ይወርዳል። ሳህኑ (የኮምፕረሰሩ ዘንግ ላይ የታሰረው የክላቹ ፊት) እና ፑሌጃው ከተራራቁ ያ የደከመ ማግኔት ሊስበው አይችልም።

ማረጋገጫው ይህ ነው። መኪናው እንደጋለ ሞተሩን አጥፉ። የኮይሉን ሶኬት ነቅላችሁ ከባትሪ በ10 አምፔር ፊውዝ በኩል ቀጥታ መብራት ስጡት። እኔ ስሰጠው ዝም አለ፤ ሳህኑን በካቻቪቴ እጀታ ወደ ፑሌጃው ገፋ ሳደርገው «ጠቅ» ብሎ ያዘና አልለቅም አለ። ሞተሩ እየሠራ በእንጨት የሚገፉ አሉ፤ እጅ ያስበላል፣ አትሞክሩት።

ቀጥሎ ሞተሩ ሲበርድ የቫልቭ ክፍተት በሚለካበት ስስ የብረት ቅጠል ሳህኑን ዙሪያውን ሦስት ቦታ ለካሁ፦ 0.9 ሚሊሜትር። ለዚህ ኮምፕረሰር የሚፈቀደው ከ0.35 እስከ 0.65 ነው። የመሃሉን ቡሎን በ10 ቁጥር ፈታሁ፤ ሳህኑ አብሮ እንዳይዞር በአሮጌ ቺንጋ ጠምጥሜ ያዝኩት። ካልወጣ በመዶሻ አትምቱት፣ ይጣመማል። ብዙዎቹ ዴንሶዎች የመሃል ቀዳዳቸው ጥርስ አለው፤ 8 ሚሊሜትር ቡሎን ሲጠብቅበት ሳህኑን ራሱ ገፍቶ ያወጣዋል።

ዘንጉ ላይ ሁለት ስስ ሮንዴላዎች አሉ፣ አንዱ 0.5 ሌላው 0.1። ወፍራሙን አወጣሁና ክፍተቱ 0.4 ሆነ። መመሪያው እስከ 0.65 ቢፈቅድም ላረጀ ክላች 0.4 ይሻላል ባይ ነኝ፣ ሳህኑ እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ መልሶ ይሰፋልና። ከ0.3 በታች ግን አታውርዱት፤ መብራት ሳይኖርም ይፋተጋል፣ ግለቱ ኩሽኔታውን ይጨርሳል። ቡሎኑ ከጠበቀ በኋላ ፑሌጃውን በእጅ አዙራችሁ የሚነካ ድምፅ እንደሌለ ስሙ፣ ሦስቱንም ቦታ እንደገና ለኩ።

የሚወጣ ሮንዴላ ካልቀረ ክላቹን ለብቻው ቀይሩ። ኮይሉ፣ ፑሌጃውና ሳህኑ የጋዝ መስመር ሳይከፈት ነው የሚወጡት። ለዚህ ብሎ «ኮምፕረሰሩ ሙሉ ይቀየር» የሚላችሁን አትስሙ።