ለነገ እናስቀምጥ ወይስ ዛሬ እናስተምር?

ዛሬ ልጄን የክረምት የፒያኖ ትምህርት አስመዘገብኳት። ክፍያው ቀላል አይደለም። ባለቤቴ "ብሩን በስሟ በከፈትነው የቁጠባ ደብተር ብናስገባው አይሻልም?" አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳሰላስለው ዋልኩ።

የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ በጥቅምት 2010 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት አብዛኞቹ ዓመታት ግን የዋጋ ንረቱ ጥሎት ሄዷል። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ይጨምራል፤ የሚገዛው ነገር ግን ያንሳል።

አንቆጥብ ማለቴ አይደለም። ሕመም አለ፣ ሥራ ማጣት አለ፣ ነገ ኮሌጅም አለ። ለዚህ ነው እቁብ የምጥለው። ሲደርሰኝ ደብተሯ ውስጥ ይገባል፣ ማንም አይነካውም።

ፒያኖው ግን ጊዜ አይሰጥም። አስተማሪዋ ጣቶቿን ጎበጥ አድርጋ እንድታስቀምጥ አሳየቻት። ማታ እራት ሳቀራርብ፣ ልጄ የጠረጴዛውን ጠርዝ በአምስቱም ጣቶቿ እየነካካች "ዶ፣ ሬ፣ ሚ" ትላለች። ትንሿ ጣቷ እምቢ ስትላት በሌላኛው እጇ ትጫናታለች። ደግሞ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ይህን ፍላጎት ለአሥር ዓመት ባንክ አላስቀምጥላትም!

ከባለቤቴ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ክረምቱን ትማር። መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ክፍያና ዩኒፎርም ሲመጣ ቁጭ ብለን እንደገና እናሰላለን። የእቁቡ ብር ግን አይነካም።

እናንተስ ቤት እንዴት ታብቃቁታላችሁ? ልምዳችሁን ጻፉልኝ።