ዝናብ የመታው ኮርቻ

ትናንት ሳይክሌን ውጭ ረስቼው ዝናብ ወረደበት። የቆዳ መቀመጫውን በጣቴ ጫን ሳደርገው እንደ ራሰ ካርቶን ሰርጎድ አለ። ደንግጬ የፀጉር ማድረቂያ ይዤ ስሮጥ ታላቅ ወንድሜ በር ላይ ያዘኝ። «አንተ፣ ልትጠብሰው ነው?»

እውነቱን ነው። ቆዳ በሙቀት ተጣድፎ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። እርጥብ እያለ ከተቀመጡበት ደግሞ ይለጠጥና እንደጎበጠ ይቀራል። ከፊት በኩል ከስሩ ያለችው፣ ቆዳውን የምትወጥረው ማጥበቂያ ብሎንም ቆዳው ሳይደርቅ አትነካም። ስንቱን ነገር ነው ላድን ስጣደፍ ያበላሸሁት! ውሃውን በጨርቅ አነሳሁለትና ጥላ ውስጥ፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ ተውኩት። ካቴናውን ግን ወዲያው ጠራርጌ ዘይት ጠብ ጠብ አደረግኩበት፤ ዝገት ቀጠሮ አይሰጥም።

ዛሬ ጠዋት ኮርቻው ጠንክሯል። ጠብታዎቹ ያረፉበት ቦታ ሁሉ ግን ክብ ክብ ጠቃጠቆ ሆኗል፣ አንዳንዱ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። የቆዳ ቅባት በስሱ ቀባሁት፣ ከስሩም ጭምር፤ የኋላ ጎማው ውሃ የሚረጨው በዚያ በኩል ነዋ። ጠቃጠቆው ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም።

ወንድሜ አየት አደረገውና «አሁን ገና ያንተ መሰለ» አለኝ። እኔም አንድ ፌስታል አጣጥፌ ከመቀመጫው ስር ሸጎጥኩ።