ልጅቷ አመለጠች?

ሐምሌ ደሴን ምን እንደሚያደርጋት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጦሳ ከጠዋት ጀምሮ የለም። ጉሙ እየወረደ እየወረደ የግቢያችን ቆርቆሮ ላይ ሲደርስ እኔም አብሬው የምወርድ ይመስለኛል። ትናንት እንደዚያ ነበርኩ። ምክንያት የለኝም፤ የሞተብኝ የለ፣ የተጣላኝ የለ። ካልሲዬ ብቻ ሦስት ቀን ሙሉ አልደርቅ ብሎኛል። ከኮምቦልቻ ዳገቱን ወጥቼ ቤት ስገባ ጋቢ ተከናንቤ ከእማዬ አጠገብ ተጣጠፍኩና ቴሌቪዥኑን ከፈትኩት።

ፊልሙ ተጀምሯል። ስሙን አላየሁትም። ሐይቅ ዳር ያለች ብቸኛ ቤት፣ ቀይ ካፖርት የለበሰች ልጅ፣ የማያባራ ዝናብ። ንግግሩ እንግሊዝኛ ነው፤ ከሥሩ የዐረብኛ ጽሑፍ ይሄዳል። ለእማዬ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ይህ ከልጅነቴ ጀምሮ የያዝኩት ሥራ ነው፤ ደመወዝም ጡረታም የለውም።

ማስተርጎም አንድ ጥቅም አለው፤ ምላስ ሥራ ሲበዛበት ልብ ለመፍራት ጊዜ ያጣል። ጉዳቱ ደግሞ ሰው ውሸታም ይሆናል። የልጅቷን ውሽማ «የአክስቷ ልጅ ነው» ብያለሁ። ወፍራሙ ሰውዬ የተሳደበውን ስድብ «እግዚአብሔር ይይልህ አለው» ብዬ አለፍኩት። በዚህ አያያዜ እማዬ ዘንድ ፈረንጅ ሁሉ ጨዋ ነው። እንዲህ የሚከባበሩ ሰዎች ለምን እንደሚገዳደሉ ብቻ ነው የማይገባት።

ከዚያ ቤቱ ውስጥ ሰው ገባ። ማን እንደሆነ አይታይም፤ ጫማው ብቻ ውሃ እያንጠባጠበ በደረጃው ይወጣል። ልጅቷ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብታ አፏን በእጇ ይዛለች። የቁም ሳጥኑ እጀታ ቀስ ብሎ ዞረ። መብራት ሄደ።

እንግዲህ ይህን የሚያደርግ ዳይሬክተር ሆሊውድ ውስጥ የለም።

ጨለማው ውስጥ ዝም አልን። ከዚያ እማዬ መንሾካሾክ ጀመረች። የማታ ጸሎቷ መሰለኝ። ጆሮዬን ስሰጥ «እመቤቴ የግሸኗ፣ ይህችን ልጅ ካወጣሻት ለመስከረም 21 ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ» ትላለች።

ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ያስቅሻል? የሰው ልጅ አይደለችም?»

«እማዬ፣ ተዋናይ እኮ ናት።»

«ተዋናይ ሰው አይደለም?»

መልስ አጣሁ። እስካሁንም አላገኘሁም።

የሚገርመኝ ይህችው እማዬ መንፈሳዊ ፊልም ሲከፈትላት መተኛቷ ነው። በሰሙነ ሕማማት የጌታ ሕይወት ሲታይ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እግሯን ሰብስባ፣ በሥነ ሥርዓት ትቀመጣለች። የቃና ሠርግ ላይ ዓይኗ ይከብዳል። የለዋጮቹ ገበታ ሳይገለበጥ ታንኮራፋለች። አንድ ጊዜ ቀስቅሼ «እማዬ፣ ሊሰቅሉት ነው» ብላት «ምን ያስጨንቀኛል፣ በሦስተኛው ቀን ይነሣል» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የወጣው የሜል ጊብሰን ፊልም፣ ያ በአራማይክና በላቲን የሚነገረው፣ በሲዲ ቤታችን የገባ ጊዜ ብቻ አልተኛችም። ግርፋቱ ሲጀምር ተነሥታ ወጣች። ማድ ቤት ተከትያት ብሄድ በኩራዝ ብርሃን ለነገው ጉልባን ስንዴ ትለቅማለች። «አምኜዋለሁ፤ ይበቃኛል። እኔ ቶማስ ነኝ እንዴ ቁስል የምታሳዩኝ?» አለችኝ። አንዷን እንክርዳድ በጥፍሯ አንሥታ ወደ ምድጃው ወረወረቻት። እኔ ግን ተመልሼ እስከ መጨረሻው አየሁት፤ አለቀስኩም። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ ቀረሁ። ማልቀሴ የተቆጠረልኝ መስሎኝ ነበር።

አንድ መንፈሳዊ ፊልም ላይ ግን እማዬ ዓይኗን ሳትከድን ማምሸቷን አስታውሳለሁ፤ እሱም የራሷ ሃይማኖት ፊልም አይደለም። ትንሽ ልጅ ነኝ። በሰፈራችን የቪዲዮ ዴክ ያለው እትዬ ዘ. ቤት ብቻ ነበር፤ ከጂዳ ሲመለሱ ይዘውት የመጡት። በመውሊድ ማታ ሰፈሩ በሙሉ፣ መስጊድ ሄዶ የመጣውም ማዕተብ ያሰረውም፣ እሳቸው ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተደርድሮ «ሪሳላ»ን ያያል፤ በእንግሊዝኛው «ዘ ሜሴጅ» የሚባለውን፣ በአውሮፓውያን 1976 የወጣውን የእስልምና አጀማመር ታሪክ። የዕጣኑ ጭስ ቴሌቪዥኑን ሸፍኖታል። አስተርጓሚዋ እትዬ ዘ. ናቸው።

በዚያ ፊልም ነቢዩ አይታዩም። ድምፃቸውም አይሰማም። ሰዎቹ ወደ ካሜራው፣ ማለትም ወደ እኛ ወደ ልጆቹ፣ ዞረው ያናግራሉ፤ ዝም ብለው ያደምጣሉ፤ መልሱን የሰሙ መስለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ግራ ገብቶኝ «የታሉ?» ብዬ ጠየቅሁ። እትዬ ዘ. «አይታዩም። እሳቸው ናቸው የሚያዩን» አሉኝ። ወዲያው እግሬን ሰበሰብኩ። የተቀደደውን ካልሲዬን በቀሚሴ ሸፈንኩት።

ስደተኞቹ የሐበሻው ንጉሥ ፊት ሲቀርቡና የመካ መልእክተኞች አሳልፈህ ስጠን ሲሉት ሳሎኑ ጸጥ አለ። እማዬ አልተኛችም፤ መጨረሻውን አታውቀውማ። «እመቤቴ፣ አውጫቸው» ስትል ሰማኋት። እትዬ ዘ. ከወዲያ «አሚን» አሉ። ንጉሡ በበትሩ መሬት ላይ መስመር አሰመረና በእኛና በእናንተ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ አይበልጥም ብሎ አልሰጥም ሲል ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ የአባቱን ዳኝነት ያየ ነው የሚመስለው። የማን ንጉሥ እንደሆነ ማንም አልተከራከረም። የቡናው በረካ ቀረበ።

አሁን ወደ ትናንት ልመለስ ብዬ ነበር። ነገር ግን ይህን ፊልም ካነሣሁ የከነከነኝን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ዳይሬክተሩ ሙስጠፋ አካድ ይባላል፤ ሐለብ የተወለደ ሶርያዊ ነው። ይኸው ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ «ሃሎዊን» የተባለውን አስፈሪ ፊልም ካሠሩት አንዱ ነው፤ የዚያኛው ዳይሬክተር ጆን ካርፔንተር ይሁን እንጂ። ይህን ያነበብኩት ሚኒባስ ውስጥ ነው፣ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ ጉሙ መንገዱን ውጦት፣ ግማሹ ተሳፋሪ ቢስሚላህ ግማሹ በስመ አብ እያለ። ሹፌሩ ሬዲዮ ያስተካክላል። ስልኬን ዘጋሁት። «ሃሎዊን» የሚጀምረው እንዴት መሰላችሁ? ካሜራው የገዳዩ ዓይን ነው። ከውጭ ቆሞ ቤቱን ያያል፣ ይገባል፣ ቢላ ያነሣል፣ ደረጃውን ይወጣል። እኛ እሱን አናየውም፤ በኋላ ጭንብሉ ሲነሣ ግን የስድስት ዓመት ልጅ ነው።

ያው ዘዴ! አንደኛው ላይ የማይታየው ሲያየኝ እግሬን ሰበሰብኩ፣ ሁለተኛውም ላይ ሰበሰብኩ። ልቤ ምን ይለይ እንደሆነ አላውቅም፤ እግሬ ግን አይለይም። አካድ ራሱ በአውሮፓውያን 2005 በዮርዳኖሷ አማን ውስጥ በሆቴሎች ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት ከልጁ ጋር ሕይወቱ አለፈ። ይህን ሳነብ ያዘንኩለት ለየትኛው አካድ እንደሆነ እንጃ፤ ለመውሊዱ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ትናንት ጨለማው ውስጥ እያሰላሰልኩ ነበር በሩ የተንኳኳው።

ፊልም ላይ ሰዎቹ «ማን ነው?» እያሉ ወደ በሩ ሲሄዱ እናደዳለሁ። እዚህ ከተማ «ማን ነው?» ማለት ያቆምንበት ጊዜ ነበር። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ፣ መብራትም ስልክም ተቋርጦ፣ በር ሲንኳኳ ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቅ ነበር። እጄ እማዬ እጅ ውስጥ፣ የእማዬ ጥፍር መዳፌ ውስጥ። እትዬ ዘ. ያኔ ነው ሦስት ጊዜ አንኳኩተው፣ ቆም ብለው፣ አንድ ጊዜ መድገም የጀመሩት። በዚያ አንኳኳታቸው ቆሎ ገብቷል፣ ጨው ገብቷል፣ አንድ ቀን ደግሞ ምንም ሳይዙ ገብተው ዝም ብለው ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል። ጊዜው አለፈ፤ አንኳኳታቸው ግን እንደዚያው ቀረ። ይህን ለመጻፍ አልነበረም የተቀመጥኩት።

ሦስት። ቆም። አንድ።

እትዬ ዘ. የእጅ ባትሪ ይዘው ገቡ። ለካ እሳቸውም ከግድግዳው ወዲያ ያንኑ ፊልም እያዩ ነበር። ዐረብኛውን እያነበቡ።

«አጃኢብ ነው! መብራት አሁን ይሄዳል?» አሉና ተቀመጡ። «ያ ውሽማዋ ነው የሚገድላት፣ ወላሂ። ከመጀመሪያው ዓይኑ አላማረኝም።»

«የምን ውሽማ?» አለች እማዬ።

«ያ ጢማሙ።»

«እሱማ የአክስቷ ልጅ ነው።»

እትዬ ዘ. ባትሪውን ፊቴ ላይ አበሩት። እማዬ ምንም አላለችም። ዝምታዋ ግን ረጅም ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያስተረጎምኩላትን ፊልም ሁሉ ከመጀመሪያው እያየችው ይመስል ነበር። ስንት የአክስት ልጅ፣ ስንት «እግዚአብሔር ይይልህ»! በመጨረሻ «ጨዋ ሕዝብ ነው ብዬ ነበር» አለች፤ አዝና። እትዬ ዘ. እጄን መታ መታ አድርገው «አብሽሪ» አሉኝና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ቴሌቪዥኑን ማን ያጠፋዋል? በሙሉ ድምፁ ጮኸ። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባሁ፤ አካድን ሳነብ የዋልኩት ሴትዮ፣ እግሬን ሰብስቤ። ብቅ ስል ፊልሙ የለም። አንዲት ቆንጆ ሴት በምግብ ዘይት ዓሣ ትጠብሳለች።

«አመለጠች?» አለች እማዬ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ምን ልበል? «አመለጠች፤ ይኸው ምግብ እየሠራች ነው» አልኩ።

እማዬ አንድ ዓይኗን ከፈተች። ሴትዮዋን አየቻት። «ካፖርቷን አወለቀችው?»

«ረጥቦባት ነበር።»

«እሰይ። እመቤቴ አታሳፍርም» ብላ ተመልሳ ተኛች።

ጠዋት ቁርስ ላይ በጣቷ ቆጠረች፤ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜን፣ መስከረም። ግሸን ትሄዳለች። ጉልበቴን እያለች፣ የመጨረሻውን ዳገት እየፈራች፣ ከ2014 ወዲህ አንድም ዓመት አልሄደችም፤ እኔ ስለምናት እንኳ። አሁን በመስቀለኛው አምባ ላይ ለአንዲት ቀይ ካፖርት ለባሽ ፈረንጅ ስለት ልታገባ ነው። «ስለት ስለት ነው፤ ደርሶልኛል» ትላለች፤ ዓይኔን ትኩር ብላ እያየች። ያ አስተያየት ነው እንቅልፍ የነሣኝ። በአክስቷ ልጅ ውሸቴን የያዘችኝ ሴት በዓሣ ጠባሿ አምናኛለች ማለት ነው? ወይስ ማመን የፈለገችው ሌላ ነገር ነው? እትዬ ዘ.ን ልጠይቃቸው አሰብኩና ተውኩት፤ ባትሪው ትዝ አለኝ።

ከሥራ ስመለስ ፒያሳ ወርጄ ጃንጥላ ጠየቅሁ። ዘርፉ ወርቃማ የሆነው ይሻላል አሉኝ። ዋጋውን አልናገርም፤ ለማላውቃት ሴት፣ ያውም ለሞተች ሴት ሊሆን ይችላል፣ ያን ያህል ማውጣቴ ከተሰማ ቢሮ አልገባም።

አሁን ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው፤ እማዬ ተኝታለች። በስልኬ መፈለጊያ ላይ «ሐይቅ ዳር ቤት፣ ቀይ ካፖርት፣ ቁም ሳጥን» ብዬ ጽፌያለሁ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው፤ አልተጫንኩትም። ገድሏት ከሆነስ? ጃንጥላው ተገዝቷል እኮ።